መስከረም ሳይጠባ ቁም ሣጥኑን እንሙላ

ሐምሌ ገብቷል። ነሐሴም እየመጣ ነው። ጳጉሜንም ተቆጥራ ታልቃለች። መስከረም ሲጠባ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ክፍል ይገባሉ። ደብተሩ አለ። እስክሪብቶውም አለ። መጽሐፉስ?

መጽሐፉ አንድ ነው፤ ለሦስት፣ ለአራት ተማሪ። መካከል የተቀመጠው ያነባል፣ ዳርና ዳር ያሉት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ደወል ሲደወል መጽሐፉ ተሰብስቦ ወደ ዕቃ ቤት ይመለሳል። ማታ ቤት ሲገቡ የሚከፍቱት የላቸውም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በብዙ ትምህርት ቤቶች ያየነው ይህንን ነው።

የሚያንገበግበው ደግሞ መጽሐፉ መኖሩ ነው። ተጽፏል፤ ተዘጋጅቷል፤ ትምህርት ሚኒስቴር በፒዲኤፍ አውጥቶታል፤ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ይውላል። ያልደረሰው ወረቀቱ ነው። ወረቀቱን ስንጠብቅ የሁለተኛ ክፍሉ ልጅ ሦስተኛ ገባ፤ የሦስተኛው አራተኛ ገባ። ልጅ ማተሚያ ቤት አይጠብቅም፤ ያድጋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ጥሪው ይህ ነው፦ በዚህ ክረምት፣ በምታውቁት አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቁም ሣጥን እንሙላ። በውስጡ 20 ታብሌቶች ወይም ለንባብ ብቻ የተሠሩ ኢ-ሪደሮች ይኑሩ። በነሱም ውስጥ መጻሕፍት ይኑሩ፤ ልጁ ከእናቱ ጋር በሚያወራበት ቋንቋ የተጻፉ። ኢንተርኔት ባይኖርም የሚከፈቱ ይሁኑ። ቁልፉን የሚይዝ መምህር ይኑር። መስከረም ላይ በሩ ይከፈት።

አንድ ትምህርት ቤት። አንድ ቁም ሣጥን። ከዚህ በላይ አልጠይቃችሁም፤ ከዚህ በታች ግን አልቀበላችሁም።

ምን እያጣን እንደሆነ በአጭሩ ልበል፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። የዓለም ባንክ እንደሚለው፣ በኢትዮጵያ 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ከ10 ልጆች 9ኙ! ብዙዎቹ በየቀኑ ትምህርት ቤት እየተመላለሱ።

እንዲህ ያሉ ልጆች 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ምን እንደሚያጋጥማቸው በ2014 ዓ.ም. አየን። ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4። በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሲሆን ተመስገን አልን። ተመስገን ማለቱ ደግ ነው። ግን ከ100 ልጆች ከ90 በላዩ ባዶ እጁን የተመለሰበት ዓመትም እኮ እሱ ነው። «ሰነፎች ናቸው» የምትሉ ካላችሁ፣ እስቲ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሄዳችሁ የንባብ ክፍሉን አሳዩኝ በሉ። ብዙው ልጅ የወደቀው 12ኛ ክፍል ሲደርስ አይደለም። ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣ ፊደል ቆጥሮ የሚያነበው ያጣ ዕለት ነው።

ሌላም አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል፤ አካሄዱም ወደዚያው ነው። የከተማው ልጅ ስክሪን ሲነካካ አድጓል። ከመርሐቤቴ ቆላ የመጣችው ልጅ ግን ስክሪን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነካው ዕድሏ በሚወሰንበት ቀን ቢሆንስ? ጥያቄውን የምታውቀው፣ መሣሪያውን የማታውቀው ልጅ? ይህን ዝም ብለን እናያለን?

አናይም። ተነሡ።

ግን አትሩጡ፤ አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምናችሁ። ባዶ ታብሌት አታምጡ።

ዕቃ ብቻውን አያስተምርም። ይህንን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ፕላዝማን ያየን ሰዎች ነን። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለውን ፕላዝማ ታስታውሱታላችሁ? ትምህርቱ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርዳል። ይፈጥናል፤ አይጠብቅም። መምህሩ ጥግ ይዞ ቆሞ ያያል። ልጁ እጁን ያወጣል፤ ስክሪኑ አያየውም። መብራት ሲጠፋ ክፍለ ጊዜው አብሮ ይጠፋል። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬ ወላጆች ሆናችኋል፤ ምስክሮቹ እናንተው ናችሁ።

ዕቃ ማደሉን ፔሩም ሞክራዋለች። ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፖች ለትምህርት ቤቶች አከፋፈለች። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት፣ ላፕቶፑ የደረሳቸው የገጠር ልጆች በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ውጤታቸው ካልደረሳቸው ልጆች የተሻለ ሆኖ አልተገኘም።

የእኛዎቹ የወንጪ ልጆችስ? ይህን ታሪክ ያልሰማ ይስማ። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ፣ በየመንደሩ 20 ለሚሆኑ፣ ትምህርት ቤት ረግጠው ለማያውቁ ልጆች የሞቶሮላ ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው አስቀመጠላቸው። አስተማሪ የለም። ማብራሪያ የለም። ባትሪ የሚሞላ ሶላር ነበር፤ ልጆቹ ምን ምን እንደነካኩም በየሳምንቱ ከሚሞሪ ካርዱ ይታይ ነበር። ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገረው፣ በ4 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 አፕ ይከፍት ነበር። በ2 ሳምንት ኤቢሲን መዝፈን ጀመሩ። በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶባቸው የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት!

ኩሩባቸው። ልጆቻችን ናቸው።

ከኮራችሁ በኋላ ግን ይህን ጠይቁ። የወንጪ ልጅ እናቱ የምታወራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ታብሌቱ የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነበር። ከልጆቹ አንዱ «አንበሳ» የሚለውን ቃል በስክሪኑ ላይ ጻፈ ተብሎ ዓለም ተደነቀ፤ የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በ4 ደቂቃ ማብሪያውን ያገኙ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ 100 ተረት ተጭኖላቸው ቢሆን ኖሮ የት በደረሱ? ያንን ታብሌት ማን ሊሞላው ይችል ነበር? ታብሌቱን ያመጡት ሰዎች አይችሉም። እኛ እንችል ነበር። አልሞላነውም።

አሁን ታንጋን እዩ። በታንዛኒያ፣ ታንጋ ክልል፣ ግሎባል ለርኒንግ ኤክስ ፕራይዝ በተባለው ውድድር 170 በሚሆኑ መንደሮች ለ2,700 ያህል ልጆች ታብሌት ታደለ። ውስጡ ያለው ትምህርት በስዋሂሊ ነበር። ሲጀመር ከ90 በመቶ በላዩ አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችልም። ከ15 ወር በኋላ ማንበብ የማይችሉት ቁጥር በግማሽ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሸናፊዎቹ ሲታወቁ፣ የመጨረሻዎቹ ተወዳዳሪዎች ሶፍትዌር ማንም ወስዶ በራሱ ቋንቋ እንዲሠራበት በነፃ ተለቀቀ። ይኸው ዛሬም ተቀምጧል። የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የሶማሊኛ፣ የሲዳምኛ ልብስ የሚያለብሰው ይጠብቃል። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ ተቀምጣችሁ ሶፍትዌር የምትጽፉ ወጣቶች፦ ይህ ሥራ የናንተ ነው። ውሰዱት።

አንድ ምሳሌ ልጨምርና ወደ ሥራችን እንግባ። ኬንያ ውስጥ፣ በኪሱሙ አካባቢ፣ ተመራማሪዎች ሦስት መንገድ ሞከሩ። በአንዱ ታብሌቱን መምህራንን ለሚደግፉ ሱፐርቫይዘሮች ሰጡ፤ በሌላው ለመምህራኑ፤ በሦስተኛው ኢ-ሪደር ለየተማሪው አደሉ። ሦስቱም መንገዶች የልጆችን ንባብ አሻሻሉ። በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ ወጪያቸው ግን በጣም ተለያየ። ለየተማሪው ማደሉ ከሁሉ ውድ ሆነ፤ ሱፐርቫይዘሮቹን ማስታጠቁ ርካሽ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ ገንዘብ በሌለበት አገር ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ታብሌት እያልን ስንመኝ ዓመታት ከምናሳልፍ፣ በመምህሩ እጅ የሚዞር አንድ ቁም ሣጥን ዛሬውኑ መጀመር እንደሚሻል ነው።

እንዴት እንደሚያዝ ታውቁታላችሁ። የእድራችሁን ዕቃ ቤት አስቡ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ ሁሉ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል። የጠፋ ይተካል። መዝገብ አለ፤ ጠባቂ አለ፤ ባለቤት አለ። ከውጭ የመጣ ባለሙያ እድር እንዴት ሳህን እንደሚጠብቅ አላስተማረንም። ቁም ሣጥኑም በዚሁ ሕግ ይተዳደር። እያንዳንዱ ታብሌት ቁጥር ይጻፍበት። የወላጅ መምህር ኅብረቱ መዝገቡን ይያዝ። በወር አንድ ጊዜ ይቆጠር። ከተማው ውስጥ ያለው ሞባይል ጠጋኝ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ስክሪን መሰበሩ አይቀርምና ከመጀመሪያው ገንዘብ ላይ የመጠገኛ ይቀመጥ። ይህን የረሳ ቁም ሣጥን በሁለተኛው ዓመት የአቧራ ማስቀመጫ ይሆናል።

60 ልጅ ያለበት ክፍል በ20 ታብሌት እንዴት ይማራል? በሦስት ይከፈላል። 20ው ያነባል፣ 20ው ይጽፋል፣ 20ው ከመምህሩ ጋር ይሆናል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ሁሉም ልጅ በተራው ለብቻው የያዘው መጽሐፍ አለው ማለት ነው። አንገት ማስገግ የለም። ታብሌቱን ወደ ቤት አይውሰዱት፤ ልጅን መንገድ ላይ ለቀማኛ ማጋለጥ አንፈልግም፣ ሰላም በራቀው አካባቢ ደግሞ ይብሱን። ከደወል በኋላ ግን ክፍሉ አንድ ሰዓት ክፍት ይሁን። የማታውን ንባብ እዚያው ይጨርሱት።

መብራት የለም አትበሉኝ። ባለ 100 ዋት የሶላር ፓነል ጥሩ ፀሐይ በዋለበት ቀን ከ10 በላይ ታብሌቶችን ይሞላል። ኢ-ሪደር ከሆነማ ገጽ ሲገለጥ ካልሆነ በቀር እምብዛም ኃይል የማይጠቀም በመሆኑ አንዴ ከተሞላ ሳምንታት ይቆያል፤ ከቤት ውጭ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይም ይነበባል። ጨዋታም የለበትም። ታዲያ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ልጅ ሥዕሉ በቀለም ቢሆን ይመረጣል። ስለዚህ ለታችኞቹ ክፍሎች ታብሌት፣ ለላይኞቹ ኢ-ሪደር ብታደርጉ እኔ እወድላችኋለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የግዕዝ ፊደል ያሳይ እንደሆነ በገዛ ዓይናችሁ እዩ። «ሀ» በሳጥን ምልክት ተተክታ ከመጣች ዕቃውን ተዉት።

ገንዘቡስ? እቁብ አላችሁ አይደል? አንድ ዙር ለትምህርት ቤቱ ይውጣለት። አንድ ዙር ብቻ። የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ስም ጥሩና «ዕጣው ለሱ ወጣ» በሉ።

ውጭ ያላችሁ፣ ስሙኝ። ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታ፣ ስቶክሆልም፣ ቴል አቪቭ፤ በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ታብሌት አለ። ልጃችሁ አዲስ ሲገዛለት የተወው። አውጡት። ባትሪው ካበጠ አትላኩት፤ አውሮፕላን ላይ አደጋ ነው። ደህና ከሆነ አካውንታችሁን አጥፉና ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሱት፤ የናንተን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ታብሌት እዚህ ሲደርስ ድንጋይ ነው። ቻርጀሩን አትርሱ። ቁጥሩ ከበዛ የጉምሩክን ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለክረምት ስትመጡ ከ23 ኪሎው ሻንጣ ውስጥ ሁለት ኪሎ ለትምህርት ቤቱ ስጡ። ለመጣል ያሰባችሁትን ግን እባካችሁ እኛ ላይ አትጣሉት፤ ልጆቻችን ቆሻሻ መጣያ አይደሉም።

በቤይሩት፣ በጂዳ፣ በዱባይ የምትሠሩ እህቶቼ፦ እናንተን ዕቃ አልጠይቅም። ወንድሞቻችሁንና እህቶቻችሁን ስታስተምሩ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ። ድምፃችሁን ስጡን። ማታ ሥራ ሲያበቃ ስልካችሁን ክፈቱና አንድ ተረት ቅዱልን፤ አያታችሁ እንደነገረቻችሁ፣ በአገራችሁ አነጋገር። ተረቱ ይጻፋል፤ ድምፁም ከጽሑፉ ጋር ይጫናል። ልጁ እየሰማ በጣቱ ፊደሉን ይከተላል። የልጆች መጽሐፍን ከነድምፁ በነፃ ለማዘጋጀት የሚያስችል ብሉም የተባለ ሶፍትዌርም አለ። አምስት ደቂቃ ድምፅ አንድ መጽሐፍ ነው።

አሁን ወደ ደራስያንና አሳታሚዎች ዞርኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራው የታነቀው እዚህ ነውና።

በየኮምፒውተራችሁ ውስጥ የተቀበረ ሀብት አለ። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በተባሉት የቆዩ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የተለቀሙ የልጆች መጻሕፍት፣ ተረቶች፣ አጋዥ መጻሕፍት። ብዙዎቹ ዳግም አልታተሙም። ፋይሉን ታብሌት ላይ ስትከፍቱት ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ይሆናል፤ ምክንያቱም የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ያ የቆየ አጻጻፍ ከዩኒኮድ ውጭ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። መቀየሪያ ሶፍትዌር አለ፤ የቀረውን ስሕተት አንድ ጎበዝ አራሚ በቀናት ይለቅመዋል። ከዚያ ኢፐብ በተባለው የኢ-መጽሐፍ የፋይል ዓይነት አስቀምጡት። ፒዲኤፍ በትንሽ ስክሪን ላይ ፊደሉ ስለሚያንስ ልጁ ግራና ቀኝ ሲጎትት ውሎ ይሰለቻል፤ ኢፐብ ግን ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ ራሱን ያስተካክላል። ዓይኑ ለደከመ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶ ከተነሣ ገጽ ላይ ፊደል ማንበብ የሚቸገር የድምፅ ሶፍትዌርም የዩኒኮድ ጽሑፍ ሲያገኝ ሥራው ይቀላል፤ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች በር መክፈት ማለት ነው።

እኛ አንባቢዎች ደግሞ እጃችንን እንሰብስብ። በቴሌግራም የሚዞረውን የተሰረቀ መጽሐፍ ወደ ቁም ሣጥኑ አናስገባም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ አዋጁም ባይኖር ደራሲው አለ፣ ልጆች አሉት። ልጅን በስርቆት መጽሐፍ አናሳድግም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፦ «መጽሐፍዎን በዚህ ትምህርት ቤት በ20 ታብሌቶች ላይ ብቻ እንድንጭን ይፍቀዱልን።» ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። የሚያስከፍል ካለ ይከፈለው። ደራስያን ሆይ፣ ደብዳቤው ሲደርሳችሁ አታቆዩት።

እስከዚያ ባዶ አንሆንም። ከደቡብ አፍሪካ የሚመራው አፍሪካን ስቶሪቡክ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ የልጆች ታሪኮች አሉት፤ በነፃ ይወርዳሉ፣ መተርጎምም ይፈቀዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪም እንዲሁ። አማርኛው ዊኪፒዲያ ኪዊክስ በተባለ ሶፍትዌር ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ኮሊብሪ የተባለውን የመማሪያ ሶፍትዌር በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከጫናችሁት ደግሞ በክፍሉ ያሉ ታብሌቶች ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ከሱ ይቀዳሉ። የሚኒስቴሩን መማሪያ መጻሕፍት ጨምሩበት። ክረምቱን ቤተሰብ ጋ የምታሳልፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ዋይፋይ ካለበት ግቢ ስትወጡ ይህን በፍላሽ ይዛችሁ ውጡ። ከናንተ የተሻለ ጫኝ የለም።

መምህር ሆይ። ያለ አንተ፣ ያለ አንቺ ይህ ሁሉ ቆርቆሮ ነው። ስለ ደመወዛችሁ ሌላ ጥሪ ይገባል፤ እሱን ረስቼ አይደለም። ዛሬ ግን ይህን እላለሁ፦ ታብሌቱ መጀመሪያ እናንተ እጅ ይግባ። ነሐሴን ቤታችሁ ይክረም። ክፈቱት፣ ተሳሳቱበት፣ ልጆቻችሁ ይንኩት። የትኛው ታሪክ ለሦስተኛ ክፍል እንደሚከብድ፣ የትኛው እንደሚያስቃቸው ለዩ። ዕቃ አምጪዎችም ይህን ስሙ፦ መምህሩን ሳታማክሩ ያስገባችሁት ታብሌት የመምህሩ ጠላት ይሆናል። በፕላዝማ አይተነዋል።

«ስዊድን እንኳ ወደ መጽሐፍ ተመለሰች» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የስዊድን መንግሥት በትናንሽ ልጆች ክፍል ስክሪን ይቀነስ፣ የታተመ መጽሐፍ ይብዛ ብሎ 685 ሚሊዮን ክሮነር መደበ። ወደ መጽሐፍ ተመለሱ፤ መጽሐፍ ነበራቸዋ! የእኛ ልጅ ወዴት ይመለሳል? ወረቀቱ የመጣ ዕለት እልል እንላለን፤ ቁም ሣጥኑ ላይም እንደረድረዋለን። እስከዚያ ግን በእጃችን ያለውን ብርሃን አናጠፋም።

«ቲክቶክ ያዩበታል» የሚልም ይኖራል። ኢንተርኔት በሌለው ታብሌት? ከመጫናችሁ በፊት ጨዋታውን አጥፉ፣ የማንበቢያውን ብቻ ተዉ። አለቀ።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፦ ደብዳቤ አታብዙብን። ትምህርት ቤቱ ዕቃውን በንብረት መዝገብ ያስገባ፤ ሱፐርቫይዘሩ በመጣ ቁጥር ቁም ሣጥኑን ይክፈት፤ ከልጆች አንዱን ጠርቶ ያስነብብ። ይኸው ነው።

እንግዲህ እንጀምር። ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ክፈቱ። ነገ ለሦስት የክፍል ጓደኞቻችሁ ደውሉ። በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ላይ አጀንዳ አስይዙ። ሐምሌ ሳያልቅ ለአንድ ደራሲ ደብዳቤ ጻፉ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ታብሌቶቹ መምህራኑ እጅ ይግቡ። በጳጉሜን ቁጠሯቸው፣ ሙሏቸው፣ ደርድሯቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ለርእሰ መምህሩ ወይም ለርእሰ መምህርቷ ደውሉ። ክረምትም ቢሆን ስልክ ያነሣሉ። ስንት ታብሌት እንደምታመጡ ገና አትንገሯቸው። መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ «ቁልፉን የሚይዘው የትኛው መምህር ነው?» ስሙን ጻፉ፣ ስልኩን ተቀበሉ፣ ቀጥላችሁ ለሱ ደውሉ።